ለደመወዝ ሰሞን የግብር ሊቃችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የግብር ሊቃችን
ባሉበት ካፌ
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ የሥራ ግብር ትምህርትዎን እንዲያቋርጡልን ስለመጠየቅ

ደመወዝ በገባ ቁጥር፣ የባንኩ መልእክት ስልካችን ላይ ገና ተነቦ ሳያልቅ፣ ከፒያሳ ካፌዎች በአንዱ ወንበር ስበው የሥራ ግብርን ሕግ ከሥር መሠረቱ ስለሚያስረዱን በቅድሚያ ልባዊ ምስጋናችንን እናቀርባለን። ማኪያቶውን ሁልጊዜ የምንከፍለው እኛ መሆናችን በዚህ ደብዳቤ እንዲመዘገብ አንፈልግም።

ከትምህርትዎ ሁሉ ይበልጥ ሥር የሰደደው «የደመወዝ ጭማሪ ኪሳራ ነው» የሚለው ነው። በእሽግ ክፍል የምትሠራ ባልደረባችን ደመወዟ 10,000 ብር ሳለ በ10,500 ብር የቡድን መሪ እንድትሆን በተጠየቀች ጊዜ፣ እርስዎ ከጠረጴዛው ላይ ሶፍት አንስተው እስክሪብቶ በመዋስ የሠሩት ስሌት እስካሁን ከዓይናችን አልጠፋም። በግራ በኩል አሥር ሺህ በ25 በመቶ ተባዝቶ 2,500፣ በቀኝ በኩል አሥር ሺህ አምስት መቶ በ30 በመቶ ተባዝቶ 3,150 ከጻፉ በኋላ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩና «አምስት መቶ ሰጥተው ስድስት መቶ ሃምሳ ሊወስዱብሽ ነው፤ እንዳትሞኚ!» አሏት። ልጅቱም አልሞኝም ብላ ሹመቱን መለሰች። ሶፍቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ያየ ሰው የውርስ ሰነድ የተቀበለች ይመስለው ነበር።

ክቡርነትዎ፣ ማባዛትዎ ልክ ነው፤ የጎደለው መቀነሱ ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከወር ደመወዝ ላይ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከ14,000 በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበታል። እያንዳንዱ ምጣኔ የሚያርፈው በራሱ እርከን ውስጥ በወደቀው ብር ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ያስፈራሩባት 30 በመቶ ከአሥር ሺህ በላይ ያለችውን አምስት መቶ ብር እንጂ ከሥር ያለውን አሥር ሺህ አይነካውም። የሒሳብ ክፍሉ ሠራተኞች ሥራ ለማቅለል ሙሉውን ደመወዝ በላይኛው ምጣኔ ማባዛታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን በታችኞቹ እርከኖች ላይ ያለአግባብ የተጫነውን ትርፍ ለማስወጣት በ25 በመቶው 850 ብር፣ በ30 በመቶው ደግሞ 1,350 ብር መልሰው ይቀንሳሉ። ስለዚህ የአሥር ሺህ ብር ግብር 1,650፣ የአሥር ሺህ አምስት መቶ ብር ግብር 1,800 ብር ነው። ልዩነቱ 150 ብር ሲሆን፣ 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ተጨማሪ 35 ብር ቢወስድ እንኳ ባልደረባችን በየወሩ 315 ብር በእጇ ይገባላት ነበር። ይህን ያህል የሚያስከፍል ሶፍት በሐዋሳ ውስጥ ሌላ ቦታ መኖሩን እንጠራጠራለን።

ሁለተኛው ትምህርትዎ «ተመላሽ» የተሰኘው ነው። አሜሪካ ያሉት የአክስትዎ ልጅ በየዓመቱ ታክስ ሪፈንድ እንደሚቀበሉ፣ እኛ ግን ባለመጠየቃችን ብቻ መብታችን ተበልቶ እንደቀረ በሐዘን ይነግሩናል። እዚያ አሠሪው በዓመቱ ውስጥ የሚቀንሰው በግምት ነው፤ ሠራተኛው ዓመቱ ሲያልቅ በፈረንጆቹ እስከ ኤፕሪል 15 ገቢውንና የቤተሰቡን ሁኔታ አሳውቆ ሒሳቡ ሲወራረድ፣ ከሚገባው በላይ ተቀንሶበት ከነበረ የራሱ ገንዘብ ይመለስለታል። የአክስትዎ ልጅ የሚደሰቱት ያለ ወለድ ያበደሩትን ስለተቀበሉ ነው፤ ደስታቸውን ግን አንነካባቸውም። በእኛ አገር የሥራ ግብር በየወሩ ተሰልቶ፣ በአሠሪው ተቀንሶ፣ ለግብር ሰብሳቢው ገቢ ከተደረገ በኋላ እዚያው ያልቃል። የልጆች ቁጥር በስሌቱ ውስጥ አይገባም፤ ከደመወዝ ሌላ ገቢ የሌለው ሠራተኛም በዓመቱ መጨረሻ ለገቢዎች የሚያቀርበው የግብር ማስታወቂያ የለም። ስለዚህ ባለፈው በእርስዎ ምክር የአራት ልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ኮፒ አስደርጎ ወደ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት የሄደው የጥበቃ ባልደረባችን ያተረፈው የኮፒውን ወጪና የባጃጁን ሒሳብ ነው።

እውነተኛ ተመላሽ የለም ማለታችን ግን አይደለም። አሠሪው ከሐምሌ 2017 ወዲህም በአሮጌው ሠንጠረዥ ቀንሶ ቢገኝ፣ ከአሥር ሺህ ብር ደመወዝተኛ ላይ በ1,650 ብር ፈንታ 2,045 ብር ወስዷል ማለት ነውና በወር 395 ብር ያለአግባብ ሄዷል። በብልጫ ለተከፈለ ግብር ተመላሽ የሚጠየቅበት መንገድ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ተደንግጓል፤ የሚጠየቀውም በደመወዝ መክፈያ ሰነድ እንጂ በልደት ምስክር ወረቀት አይደለም። ይህን አንድም ቀን አላነሱልንም። በእርግጥ ይህኛው ተመላሽ ወረቀት ማገላበጥ ስለሚጠይቅ ለማኪያቶ ሰዓት አይመችም።

የተቀነሰብንን ግብርና ጡረታ፣ አሠሪው በራሱ በኩል ከሚጨምረው 11 በመቶ ጋር፣ በእርግጥ ገቢ አድርጎልን እንደሆነ እንድናጣራም መክረውን አያውቁም። ጡረታ ስንወጣ የምንጠየቀው ግን ይህንኑ ነው።

በመሆኑም፣ የሚቀጥለው ወር ደመወዝ ከመግባቱ በፊት የግብር ትምህርትዎን አቋርጠው ወደ ቀድሞ ሙያዎ፣ ማለትም ወደ እግር ኳስ ትንተና፣ እንዲመለሱልን በትሕትና እንጠይቃለን። እዚያ ቢሳሳቱ ከማንም ደመወዝ ላይ የሚጎድል ነገር የለም።

ከሠላምታ ጋር

የወር ደመወዝተኞች

ግልባጭ፦
ለሰው ኃይል ክፍል፤ በእሽግ ክፍል የቡድን መሪነት ቦታው ገና ካልተያዘ ባልደረባችን ማመልከቻዋን ዛሬ ከሰዓት ይዛ ትመጣለች።