በረዶ ሲወርድና በረዶ ሲተኛ
ስለ በረዶ የወጣው ጽሑፍ «የበረዶ ወዳጆች የሚናፍቁት ወጀቡን ነው» ማለቱ አልተዋጠልኝም። ከላይ በአስተያየትህ «ሳምንት የሚተኛ በረዶ ይሰለቻል» ያልከው ወንድሜ፣ ካንተም ጋር አልስማማም። እኔ ያደግኩት ወሎ፣ ደላንታ ነው። የኛ በረዶ ጠጠር ነው፤ ከነጎድጓድ ደመና ይወርዳል እንጂ እንደ ፈረንጅ አገሩ እንደ ጥጥ አይረግፍም። ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር እናቴ «እግዚኦ!» እያለች በሩን ትዘጋለች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያባራል። ስንወጣ ያበበው ባቄላ መሬት ላይ ተነጥፏል። ይሄ ምኑ ይናፈቃል? የተኛ በረዶ ግን ሌላ ነገር ነው። በቀዝቃዛ አገር ብርዱ ሳይጠና የተዘራ ስንዴ የብርዱን ወራት የሚያልፈው በረዶ ለብሶ ነው። በረዶው በውስጡ አየር ስለሚይዝ እንደ ባና ያሞቀዋል። የኛ ገብስ ይህን አላገኘም። ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር ውርጩ ራቁቱን ያገኘዋል። በአመዳይ ነጥቶ ያድርና ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው ይጠወልጋል። ልጅ ሆነን አንዴ ከጓሯችን ካብ ሥር የተከመረ በረዶ እስከ ማግስቱ ቆየልን። ጥላ ስለነበረው ነው። በጣሳ እየዛቅን ስንጫወት አረፈድን። እስካሁን ዓይኔ ላይ ያለው ያ ነጭ ክምር ነው፤ የቆርቆሮው ጩኸት አይደለም።