ምንም አልነካሁም

በአገራችን ለታመመ ሰው መድኃኒት የሚያዘው ሐኪም ብቻ አይደለም፤ ጠያቂው ሁሉ ያዝዛል። ገና ከደጃፍ "ምንህን ነው?" እያለ ይገባና መልሱ ሳያልቅ ዳማ ከሴ ታሽቶ እንዲጠጣ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር እንዲዋጥ አዝዞ፣ የአክስቱ ልጅ በዚሁ እንዴት እንደዳነ ተርኮ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ይህ ደግነታችን ከዘመኑ ጋር ተራምዶ ወደ ኢንተርኔት መስመር መግባቱን ያረጋገጥኩት በ2017 ዓ.ም. ጥር 12 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት ነው።

ቤተሰቡ የሚካኤልን ታቦት ሊሸኝ ወጥቶ፣ እኔ በማግስቱ ጠዋት ለመሥሪያ ቤቴ በኢሜይል መድረስ የነበረበትን ሪፖርት ይዤ ከአሮጌው ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ ነበር። መብራት ሄደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰ፤ ኮምፒውተሩም ተነሣ፤ ድረ ገጽ ክፈት ስለው ግን ቀይ ምልክት ያለበት አንድ ገጽ እየደጋገመ ያወጣብኝ ጀመር። ኢሜይሉም፣ ባንኩም፣ ዜናውም ያው ቀይ ነው። መብራቱ ከመጣ ወዲህ በእጄ የሠራሁት አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ ያን ጊዜ ለማንም ያልነገርኩትን ለአንባቢ ብቻ ቀድሜ የምነግርበት ምክንያት ስለማይታየኝ ለጊዜው አቆየዋለሁ።

የብሎካችን የቴሌግራም ቡድን የተቋቋመው ውኃ በየትኛው ሌሊት እንደሚመጣ ለመጠቋቆም ነበር። እየቆየ ግን ድመት የሚፈለግበት፣ የመኪና ማቆሚያ የሚያጣላበት፣ የእድር መዋጮ የሚለመንበት ሸንጎ ሆኗል። እኔም "ውድ ጎረቤቶቼ፣ ኢንተርኔት አልሠራ ብሎኛል፤ የምታውቁ ተባበሩኝ" ብዬ ጻፍኩ። ይህን መልእክት የላክሁት በስልኬ ነው፤ ስልኬ ደግሞ የምትሠራው እዚያው ሳሎናችን ውስጥ ባለው የዋይፋይ ሳጥን ነው። ኢንተርኔት የለኝም ብዬ በኢንተርኔት ለአርባ አባወራ አወጅኩ ማለት ነው። እኔ አላስተዋልኩትም፤ ከአርባው አባወራም ያስተዋለ አልነበረም።

የመጀመሪያዋ መልስ "አጥፍተህ አብራው" የምትል ነበረች፤ ደቂቃ ሳይሞላ ደረሰች። በዚህች ምክር መቀለድ ልማድ ቢሆንም እኔ አከብራታለሁ። ራውተር የሚሉት ሳጥን ራሱ ትንሽ ኮምፒውተር ስለሆነ ለወራት ሳይጠፋ ሲሠራ መወዛገቡ አይቀርም፤ ጠፍቶ ሲበራ ሁሉን ከባዶ ይጀምራል። ብቻ የእኔው ሳጥን ከመብራቱ ጋር ጠፍቶ ከመብራቱ ጋር ከተነሣ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላውም ነበር።

ቀጥሎ የስምንቶችና የአንዶች ጦርነት ተነሣ። የድረ ገጽን ስም ተቀብሎ የቁጥር አድራሻውን የሚነግር፣ ዲኤንኤስ የሚባል ማውጫ አለ፤ እሱን ቀይር በማለት ሁሉም ይስማማሉ፤ በምን ይቀየር የሚለው ላይ ነው ደም የሚፈሰው። የሁለተኛ ፎቁ የባንክ ሠራተኛ ጎግል እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣውን 8.8.8.8 አስገባ አለኝ። የአራተኛ ፎቁ ወጣት ክላውድፍሌር እ.ኤ.አ. በ2018 አፕሪል 1 ቀን ያስተዋወቀው 1.1.1.1 ይፈጥናል፣ ስምንቶቹ አርጅተዋል አለ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ እንደ ጊዮርጊስና እንደ ቡና ደጋፊ ተለያዩ። ስምንቶቹን ሞከርኩ፤ አንዶቹን ሞከርኩ፤ ገጹ ቀይ እንደሆነ ቀረ። ይህንኑ ለሁለቱም ወገን ባስታውቅ ሰሚ አላገኘሁም፤ ክርክሩ ከዚያ ወዲያ እኔን የሚያስፈልገው አልነበረም።

ከአንደኛ ፎቅ ያሉ እመቤት ደግሞ ጥፋቱን በጎረቤታቸው የእንጀራ ምጣድ ላይ አሳበቡ። በእውነቱ ምጣድ ሙቀት ነው የሚያወጣው፤ ሞገድ አያወጣም። ማይክሮዌቭ ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ የቤት ዋይፋዮች በሚሠሩበት በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሚንቀሳቀስ ክሱ ፍሬ ነገር ይኖረው ነበር። ግን የእሳቸው ነገር ከኢንተርኔት በፊት የተጀመረና ከጭስ ጋር የተያያዘ መሆኑን ሁላችንም ስለምናውቅ ዝም አልናቸው።

ቨርጂኒያ ያለው የእህቴ ልጅ ደወለ። የእኛ ቤተሰብ አሜሪካ የገባ ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ያውቃል ብሎ ስለሚያምን ልጁ ራሱ ማመን ከጀመረ ሰንብቷል። "ጋሼ፣ ምንም አታስብ፤ እዚህ ሆኜ ኮምፒውተርህ ውስጥ ገብቼ አስተካክልልሃለሁ፤ አንተ ብቻ መግቢያዋን መተግበሪያ ከኢንተርኔት አውርድልኝ" አለኝ። ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ ስለ እናቱ ጤና ተጨዋወትን።

የሦስተኛ ፎቁ ተማሪ በአካል መጣ። ልጁ ጥቁር መስኮት ከፍቶ "ፒንግ" ብሎ ጻፈና ከሩቅ ማሽን መልስ ሲመጣ እያሳየኝ "መስመሩ ደኅና ነው፤ ችግሩ ሌላ ነው" አለ። ፒንግ ማለት ወደ አንድ ማሽን "አለህ ወይ?" ብሎ ጠርቶ "አለሁ" የሚለው መልስ በስንት ጊዜ እንደተመለሰ የሚለካ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲሴምበር አንድ የራሱ መሥሪያ ቤት መስመር ቢያስቸግረው ጻፈውና ለሁሉም በነፃ ለቀቀው፤ ዛሬ በየኮምፒውተሩ አለ። እንግዲህ ከአርባ ዓመት በላይ የተፈተነ መሣሪያ እቤቴ ድረስ መጥቶ መስመሩ ጤነኛ መሆኑን መስክሮልኛል። ነገር ግን ምስክርነቱ የቀረበው በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አፍ ነበር፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ጋሼ በሩን አንኳኩተው ገቡ።

ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከታቦቱ ሲመለሱ መልእክቴን ስላዩ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ነው የመጡት። ሳጥኑን አንሥተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ጀርባውን እንደ ጥንት ብራና መረመሩት።

"መርፌ አለህ?" አሉኝ።

"ለምኑ ጋሼ?"

"ከኋላው ቀዳዳ አለች። እሷን የሚያውቃት ሰው ጥቂት ነው።"

ተማሪው "ጋሼ፣ እሷ ከተነካች ሁሉንም ነገር ታጠፋለች፤ መስመሩ ደግሞ እየሠራ ነው" ለማለት ሞክሮ ነበር። "አንተ ገና ተማሪ ነህ" ተባለ፤ እውነትም ተማሪ ስለሆነ የሚመልሰው አልነበረውም። የልብስ መርፌ ፈልጌ አቀረብኩ። ጋሼ ወደ ቀዳዳዋ ሰደው እየተጫኑ፣ ልጅ ሳሉ የቆሎ ተማሪ ስለነበሩ "አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ፣ አርባዕቱ..." እያሉ እስከ ዐሠርቱ ቆጠሩ። የሳጥኑ መብራቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፉና አንድ በአንድ ተመለሱ። አንዷ፣ የኢንተርኔቷ፣ ቀረች። ጋሼ "አሁን ንጹሕ ሆኗል" ብለው ቡናቸውን ጠጥተው መርቀውኝ ሄዱ።

ንጹሕ መሆኑ እውነት ነው። አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት ማን መሆኔን የሚያውቅበት የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ከሳጥኑ ውስጥ ታጥቦ ወጥቷል። ከዚያች ደቂቃ በፊት የእኔ ኮምፒውተር ብቻ ነበር የታመመው፤ አሁን የስልኬም፣ የባለቤቴም፣ የልጆቹም ስልክ አብሮ ሞተ። ቤተሰቡ ከታቦት ሲመለስ ያገኘውን ሁኔታ ለመግለጽ የወግ ጸሐፊ ብዕር አይበቃም። ልጄ ከሁሉ አስቀድማ የጠየቀችው "አባዬ፣ ምን ነካህ?" ብላ ነው፤ ይህ አነጋገር በአማርኛችን ሁለት ትርጉም እንዳለው ያን ቀን ነው ልብ ያልኩት።

ያዳነን ዕቁብ ነው። መስመሩን የዘረጋው ባለሙያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን የጻፈባት ቁራጭ ወረቀት በየመሳቢያው ተፈልጋ ከጠፋች በኋላ ባለቤቴ ቦርሳዋን ከፍታ አወጣቻት። በወረቀቷ ጀርባ የዕቁቡ የዕጣ ተራ ተጽፎባት ስለነበር ለሁለት ዓመት እንደ ዓይን ብሌን ተጠብቃለች። ተማሪው ተጠርቶ ተመለሰና የሳጥኑን ገጽ ከፍቶ ቁጥሩን ሲያስገባ የቀረችው መብራት በራች፤ ስልኮቹ ሁሉ አንድ ላይ ጮኹ። ኮምፒውተሬ ግን አሁንም ቀይ ነው። ከሦስት ሰዓት የጋራ ርብርብ በኋላ መጀመሪያ የነበርኩበት ቦታ ደረስኩ።

ልጁ ሲወጣ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ "የሚጠይቁ ሰዎች ጋ ላስገባዎት" ብሎ የኔትወርክ ባለሙያዎች ከሥራቸው ውጪ ሰው በነፃ ወደሚረዱበት ቡድን አስገባኝ። የሚጠይቁ ያለው እኔን መስሎኝ ነበር፤ እነሱን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። እንደ ልማዴ "ኢንተርኔት አልሠራም" ብዬ ከአንድ ፎቶ ጋር ለጠፍኩ። የሌሊት ተረኛ የሆነች፣ እስከ ዛሬ መልኳን የማላውቃት ልጅ መለሰችልኝ። ምክር አልሰጠችኝም፤ ጠየቀችኝ።

"በስልክዎ ይከፍታል?"

"አዎ።"

"ፎቶው ላይ የሚታየኝ የእርስዎ ግንባር ነው፤ መስታወቱ መልሶት። ገጹ ላይ ያለውን ቃል በቃል ያንብቡልኝ?"

እውነቱን ለመናገር ከቀትር ጀምሮ ሳየው የዋልኩት ገጽ ላይ በትልቁ፣ በእንግሊዝኛ፣ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል የሚል ተጽፎ ነበር። አንብቤዋለሁ። ኋላ ቀር እየተባልን ስለኖርን የተለመደው ስድብ መስሎኝ ነው ያለፍኩት። ጻፍኩላት። ትንሽ ቆየችና "ከመበላሸቱ በፊት የነኩት ነገር አለ?" አለችኝ።

"ምንም አልነካሁም" ብዬ መለስኩ።

ይህች ቃል እንዴት እንደምትወጣ ታዝቤያለሁ፤ አስበን አንናገራትም፣ ራሷ ናት የምትወጣው። ብርጭቆው ከእጁ ወድቆ የተሰበረበት ሕፃን ይላታል፤ መኪናውን ራሱ ፈታትቶ ወደ ጋራዥ ያመጣ ሰው ይላታል፤ ከልደት ግብዣ በቀጥታ ወደ ክሊኒክ የሄደ የጨጓራ ሕመምተኛ "ምንም አልበላሁም" ብሎ በጥቂቱ ለውጦ ይላታል። ለመርዳት የተቀመጠ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚታገለው ከዚህች ቃል ጋር ነው። ልጅቱም ለምዳው ነው መሰል አልተከራከረችኝም።

"ኮምፒውተሩ ዛሬን ስንት ቀን ነው ይላል?" አለች።

"12/5/2017። ትክክል ነው" ብዬ በኩራት ጻፍኩ።

መጻፍ ስትጀምርና ስታቆም፣ ስትጀምርና ስታቆም ስልኬ ላይ ይታየኛል። በመጨረሻ "ጋሼ፣ እሱ እኮ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው" አለችኝ።

አሁን ያቆየኋትን ትንሽ ነገር ለመናገር ጊዜው ነው። መብራት ሲሄድ ሰዓቱን የምታስታውስ፣ ሳንቲም የምታክል፣ 3 ቮልት የሆነች ባትሪ በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ አለች፤ የእኔዋ ደክማ ኖሮ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዘመኑ 2009 ነው ብሎኝ ነበር። ሥርዓት የምወድ ሰው ስለሆንኩ ቀኑን ከኢንተርኔት ራሱ እንዲያመጣ የሚያደርገውን ማብሪያ አጥፍቼ፣ ግድግዳ ላይ ያለውን የበዓላት መቁጠሪያ እያየሁ፣ ቀን 12፣ ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ ከወሮቹ ዝርዝር አምስተኛውን፣ ዓመተ ምሕረት 2017 ብዬ በእጄ አስተካከልኩት። በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ወደ ፊት በማራመዴ ደስም ብሎኝ ነበር። እሱ ግን ሜይ 12 ቀን 2017 ብሎ ተቀበለኝ፤ የቀረው ዓለም ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ላይ ሳለ ኮምፒውተሬ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ከኋላ ተቀመጠ።

ልጅቱ እንዳስረዳችኝ፣ እያንዳንዱ ድረ ገጽ ሲከፈት መታወቂያውን ያሳያል፤ መታወቂያው ላይ የወጣበትና የሚያበቃበት ቀን አለ፤ ዕድሜውም ያን ጊዜ ቢበዛ 398 ቀን ነበር። ገና በ2017 ለሚኖር ኮምፒውተር በ2024 የወጣ መታወቂያ ያልተወለደ ሰው መታወቂያ ነውና አላስገባም ማለቱ የጥሩ ዘበኛ ሥራ ነበር። "ደግሞም ደኅና ቀን አልመረጡም" አለችኝ፤ ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 አገሮች ገደማ የተዛመተው ልክ ሜይ 12 ቀን 2017 መሆኑን በዚያው ነገረችኝ።

ማብሪያዋን መለስኩ፣ ቀኑን አስተካከልኩ፤ ኢሜይሉ ተከፈተ። በግማሽ ደቂቃ አለቀ። ባትሪዋን ካልቀየርኳት መብራት በሄደ ቁጥር እንደምንገናኝ አስጠነቀቀችኝ። ካርድ ልሙላልሽ ብላት እምቢ አለች፤ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለሌላውም እንዲጠቅም፣ ችግሩን ባወጅኩበት ቦታ ሁሉ ምን እንደነበረ እንድጽፍ። "እንዴታ፣ አሁኑኑ" አልኳት።

የብሎኩን ቡድን ከፈትኩ። ስምንቶችና አንዶች አሁንም እየተከራከሩ ነበር። "መብራት ሲሄድ የኮምፒውተሬ ቀን ጠፍቶ እኔ በራሴ..." ብዬ ጀመርኩና አጠፋሁት። "በባትሪ ምክንያት..." ብዬ ጀመርኩ፤ እሱንም አጠፋሁት። በመጨረሻ "ተስተካክሏል። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ" ብዬ ላክሁ።

ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ጋሼ ከሥሩ "ብዬህ ነበር። መርፌዋ ናት" ብለው ጻፉ። አሥራ ሰባት ሰው የልብ ምልክት ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ በብሎካችን የማን ኢንተርኔት ቢያዘግም ጋሼ ይጠራሉ፤ መርፌዋንም አሁን በነጠላቸው ጥለት ላይ ሰክተው ነው የሚይዟት።