ስካሎፕን ከነዓይኑ ሽጡልን

ስካሎፕ የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሳህን ላይ ነው። ነጭ፣ ክብ፣ በቅቤ ተጠብሶ ላይና ታቹ ቡናማ የሆነ ነገር። አጥንት የለው፣ ቆዳ የለው፣ ፊት የለው። እኔ በዚህ መልኩ መሸጡ አይዋጥልኝም።

ያ ክብ ነገር እኮ የእንስሳው አንድ ጡንቻ ብቻ ነው። እንስሳው ራሱ ሁለት ዛጎል ለብሶ የባሕር ወለል ላይ ነው የሚኖረው። ዛጎሉን ገርበብ ሲያደርግ ዳር ዳሩን ዶቃ የመሰሉ ነጠብጣቦች ተደርድረው ይታያሉ፣ አንዳንዱ ዝርያ ላይ ደግሞ ደማቅ ሰማያዊ ናቸው። ዓይኖቹ ናቸው! እስከ 200 ይደርሳሉ። የኛ ዓይን ምስል የሚሠራው በሌንስ ነው፤ የሱ ግን ከኋላ በተነጠፈ መስታወት፣ ያውም ጉዋኒን ከሚባል ንጥረ ነገር በተሠሩ ጥቃቅን አራት ማዕዘን ክሪስታሎች። ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ በለው። የባሕር ኮከብ ሊበላው ሲጠጋ ደግሞ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ዛጎሎቹን ቶሎ ቶሎ እየከፈተና እየገጠመ፣ ውሃ እየተፋ ይዋኛል። ላየው ሰው ውሃውን እየነከሰ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ያንን የሚያደርግበት ጡንቻ ነው እንግዲህ ሳህናችን ላይ የሚመጣው።

እንደሱ ሁለት ዛጎል ያላቸው ዘመዶቹ አሉ፤ ኦይስተር ድንጋይ ላይ ይጣበቃል፣ ሙስል በራሱ ክር ታስሮ ይቀመጣል፣ እነሱን ከነዛጎላቸው ገዝተን ሙሉውን እንበላለን። ስካሎፕ ሲሆን ግን ተፈልፍሎ ነው የሚመጣው፣ ማጭበርበሩም እዚህ ላይ ይገባል። ጡንቻውን ፎስፌት የሚባል፣ ሥጋ ውሃ እንዲይዝ የሚያደርግ ጨው ባለበት ውሃ ይነክሩታል። ውሃውን ይጠጣና ይከብዳል፣ በኪሎ ነው የሚሸጠው፣ የቀረውን እናንተው አስሉት። መጥበሻ ላይ ሲያርፍ ጉዱ ይወጣል፤ ነጭ ውሃ ይለቅና ቡናማ መሆኑ ቀርቶ ይቀቀላል። ሁሉም እኩል ነጭ ሆኖ ሲያብለጨልጭ ካያችሁት ጠርጥሩ። ያልተነከረው ክሬም መልክ አለው፣ አንዳንዱም ወደ ሮዝ ያደላል።

አመጣጡም አይታይም። አንዱ የሚያዘው በከባድ የብረት መጎተቻ ነው፣ መጎተቻው የባሕሩን ወለል እየገለበጠ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። ሌላው፣ ለምሳሌ ጃፓን ሙትሱ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ያድጋል። መኖ የሚባል ነገር አይገዛለትም፣ አልጌ የሚባሉትን ዕፅዋት መሰል ጥቃቅን ነገሮች ከውሃው እያጣራ ራሱ ይበላል። ሳህን ላይ ግን ሁለቱም ያው ነጭ ክብ ናቸው።

ጡንቻው ብቻ ይሸጥ የሚሉ ሰዎች አንድ ሐቅ እንዳላቸው አልክድም። መርዛም አልጌ ሲበዛ መርዙ በአብዛኛው የሚጠራቀመው በሌላው የሰውነቱ ክፍል ነው፣ ማብሰልም አያጠፋውም። እሺ፣ ሆድ ዕቃው ይጣል። ግን እዚያው ፊቴ ይከፈት፣ እዚያው ይጽዳ። ከነዓይኑ አይቼው ልግዛው።