አሸናፊ ሲታረቅ እንዴት ያምራል!

ዛሬ የማመሰግነው ልማድ አለኝ። ትልቅ ጦርነት ሲያልቅ አሸናፊዎቹ ጠረጴዛ ከብበው ሰላም የሚያወርዱበትን የተከበረ ልማድ ማለቴ ነው። እኛ አገር እርቅ ሲባል አንደኛው ተጣይ ወዲህ፣ ሌላኛው ወዲያ፣ ሽማግሌው መሃል ይቀመጣል። ሁለቱም ይናገራሉ፣ ሁለቱም ይሰማሉ፣ ቀኑ ይመሻል፣ ለነገ ይቀጠራል። እንዴት ያለ ድካም ነው! ታላላቆቹ ይህን ሁሉ ጣጣ አስቀርተውታል። ተጣይም እነሱ፣ ሽማግሌም እነሱ፣ ካሳ ተቀባይም እነሱ ናቸው። ሌላው ተጣይ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ይጠራል፣ ይፈርማል፣ ይሰናበታል።

(ቀናቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያዙልኝ። ጉባኤው የእነሱ ከሆነ ካላንደሩም የእነሱ ይሁን።)

የዚህ ጥበብ ዋና ትምህርት ቤት የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰላም የተዋዋለበት የ1919ኙ የፓሪስ ጉባኤ ነው። ጉባኤው የተከፈተው ጃንዋሪ 18 ቀን ሲሆን፣ ቀኑ እንዲሁ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። በ1871 የጀርመን ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት በቬርሳይ የመስታወት አዳራሽ የታወጀው በዚሁ ዕለት ነበር። የጠላቱን የልደት ቀን ሳይረሳ ቆጥሮ የሚጠብቅ አስታራቂ፣ ምን ያህል ልበ ቀና ቢሆን ነው!

የሰላሳ ያህል አገር ልዑካን ፓሪስ ገቡ። መጥተውም ሆቴል ያዙ፣ ካርታ ዘረጉ፣ ማስታወሻ ጻፉ። ውሳኔው ግን ከማርች ወር ጀምሮ በአራት ሰው እጅ ነበር፤ የአሜሪካው ዊልሰን፣ የእንግሊዙ ሎይድ ጆርጅ፣ የፈረንሳዩ ክሌማንሶ እና የጣሊያኑ ኦርላንዶ። ክሌማንሶ በፌብሩዋሪ በጥይት ተመትተው፣ ጥይቱ ከሰውነታቸው ሳይወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሥራቸው የተመለሱ ሰው ናቸው። ግራጫ ጓንት አጥልቀው ይቀመጣሉ፤ የሰው አገር ሲቆርሱ እጅ እንዳይቆሽሽ ለሚጠነቀቅ ሰው የሚመች ልብስ ነው። ዊልሰን ባለ 14 ነጥቡ መርሕ ይዘው መጡ። ሕዝቦች ዕድላቸውን ራሳቸው ይወስኑ የሚለው ተስፋ ያኔ ከካይሮ እስከ ሴኡል ተሰምቶ ነበር። የሰሙት ሁሉ ስለ እነሱ የተነገረ መሰላቸው። የዋህነት!

አሁን ስለ ኦርላንዶ ላውራችሁ፤ ምክንያቱም አሸናፊዎች እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚተሳሰቡ ከእሳቸው የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ጣሊያን ፊዩሜ የምትባለውን ወደብ ፈለገች። ዊልሰን እምቢ አሉ። ኦርላንዶ በፋሲካ ሰሞን ከስብሰባው መሃል ተነሥተው መስኮት ተጠግተው አለቀሱ። ኤፕሪል 24 ቀን ደግሞ አኩርፈው ወደ ሮም ተሳፈሩ። አኩራፊ ምሳው እራት ይሆነዋል ይባላል፤ የኦርላንዶ ምሳ ግን እስከ እራት አልቆየም። ሦስቱ ጓደኞቻቸው ሜይ 6 ቀን ተቀምጠው፣ ቀደም ሲል ለጣሊያን ቃል የተገባላትን የትንሿን እስያ ወደብ ሰምርኔስን የግሪክ ጦር ይግባባት ብለው ተስማሙ። ኦርላንዶ ሮጠው ሲመለሱ ነገሩ አልቆ ጠበቃቸው። የግሪክ ጦር ሜይ 15 ቀን ወደቡ ላይ ወረደ፤ ጦርነት ሆነ፤ በሴፕቴምበር 1922 ከተማዋ ነደደች። አንድ ወዳጅ ባኮረፈበት ክፍተት፣ ለአንድ ስብሰባ ይህ ሁሉ ፍሬ ብዙ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ እነሱ ግን የሚቆጫቸው ነገር እንዳይኖር ጠንቅቀው በልተዋል።

እኩልነትንም አልዘነጉም። ጃፓን አሸናፊ ነበረችና በመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን ውስጥ የሕዝቦች እኩልነት ይጻፍ ብላ ጠየቀች። ኤፕሪል 11 ቀን ድምፅ ተሰጠ፤ ከ17ቱ 11ዱ ደገፉ። ሰብሳቢው ዊልሰን ግን በአንድ ድምፅ ካልሆነ አያልፍም አሉ። የፈረንሳዩ ልዑክ ብዙኃኑ እኮ ደግፏል ብሎ ቢያስታውስም ሰሚ አላገኘም። እንዲህ ነው ዴሞክራሲን ለዓለም ማስተማር። ጃፓንም ባዶ እጇን አልተሸኘችም፤ በቻይናዋ ሻንዶንግ ጀርመን የነበራት መብት ለእሷ ተላለፈ። ቻይና ያው ከአሸናፊዎቹ ወገን ናት፤ 140 ሺህ ገደማ ሠራተኞቿን ልካ ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ጦር ምሽግ አስቆፍራ፣ ጥይት አሸክማ ነበር። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። ሜይ 4 ቀን የቤጂንግ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፣ የቻይና ልዑካንም ሳይፈርሙ ቀሩ። ምስጋና ቢሶች።

ለጀርመን ሰዎች የተደረገው አቀባበልም ይወሳ። ሜይ 7 ቀን በአንድ ሆቴል አዳራሽ ጠርተው ጥራዙን ሰጧቸው። የቃል ክርክር የለም፤ ያላችሁን በጽሑፍ፣ በ15 ቀን ውስጥ አቅርቡ ተባሉ። ሁለት መቶ ወይም ሦስት መቶ እንዳይመስላችሁ፣ 440 አንቀጽ ነው። የጀርመኑ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብሮክዶርፍ ራንትዛው ከወንበራቸው ሳይነሡ መልስ በመስጠታቸው አዳራሹ ተቆጣ። ሚሊዮኖች ካለቁ በኋላ ትልቁ ነውር ተቀምጦ መናገር ሆነ። ፊርማው ጁን 28 ቀን በዚያው የመስታወት አዳራሽ ተፈጸመ። ከዚያ ሳምንት ቀደም ብሎ ደግሞ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። በስኮትላንድ ስካፓ ፍሎው ታግተው የነበሩትን 74 የጀርመን የጦር መርከቦች አሸናፊዎቹ ለማን ስንት ይድረስ እያሉ ሲሟገቱ፣ መርከበኞቹ ራሳቸው 52ቱን አሰጠሟቸው። ክፍፍሉ ላይ የነበረው አለመግባባት በዚህ መልኩ በሰላም ተፈታ።

የጀርመን የአፍሪካ ግዛቶች ግን አልሰጠሙም። «የሥልጣኔ ቅዱስ አደራ» ተብለው ለእንግሊዝ፣ ለፈረንሳይ፣ ለቤልጂግና ለደቡብ አፍሪካ በሞግዚትነት ታደሉ። ባለቤቶቹን ማንም አልጠየቀም። ያ ግን ንቀት አይደለም፤ እንግዳ ማስቸገር ነውር ስለሆነ ነው።

ከ440ዎቹ አንቀጾች የእኔ ምርጥ አንቀጽ 246 ነው። ሙክዋዋ በዛሬዋ ታንዛኒያ የሄሄ ሕዝብ መሪ ነበር፤ ከጀርመኖች ጋር ዓመታት ተዋግቶ በ1898 እጄን ከምሰጥ ብሎ ራሱን ገደለ፤ ጀርመኖችም የራስ ቅሉን ወደ አገራቸው ወሰዱት። አንቀጹ ይህ የራስ ቅል በስድስት ወር ውስጥ ይመለስ ይላል። ለማን? ለሄሄ ሕዝብ እንዳትሉ። ለእንግሊዝ መንግሥት! የሰውዬው አገር በአደራ ለእንግሊዝ ከተሰጠ ጭንቅላቱስ ለምን ይቀራል? ውሉ በጃንዋሪ 1920 ጸና፤ ስድስት ወሩ በጁላይ አለቀ። የራስ ቅሉ ከብሬመን ሙዚየም ወጥቶ ሄሄዎች ዘንድ የደረሰው በ1954 ነው።

እኛስ የት ነበርን? እኛማ ጨዋዎች ነን። በዚያው በ1919 ደጃዝማች ናደው፣ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ከንቲባ ገብሩ ያሉበት መልእክተኛ ባሕር ተሻግሮ ለአሸናፊዎቹ እንኳን ደስ አላችሁ ብሏል። ደስታውን ከተጋሩት አንዷ ጣሊያን ናት። በዚያው ዓመት ለእንግሊዝ እንዲህ የሚል ሐሳብ አቀረበችላት፦ አንቺ በጣና ላይ ግድብሽን፣ እኔ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚያልፍ ባቡሬን። እከክልኝ ልከክልሽ መሆኑ ነው። እንግሊዝ ያኔ አልፈልግም አለች፤ በ1925 ግን ተስማማች። ራስ ተፈሪ ለመንግሥታት ማኅበር ባይጮሁ ኖሮ የእኛን ሐይቅና የእኛን መሬት ሁለት ጎረምሶች ደብዳቤ ተለዋውጠው በጨረሱት ነበር።

ሁለተኛው ጦርነት ሲመጣ ጥበቡ የበለጠ ረቀቀ። በኦክቶበር 1944 ሞስኮ ላይ ቸርችል በአንዲት ቁራጭ ወረቀት የባልካን አገሮችን በመቶኛ ጻፉ፤ ሩማንያ 90 ለሩስያ፣ ግሪክ 90 ለእንግሊዝ፣ ዩጎዝላቪያ እኩል በእኩል። ስታሊን በሰማያዊ እርሳስ ምልክት አደረጉባት። ይህን የነገሩን ራሳቸው ቸርችል ናቸው፤ ወረቀቷን እናቃጥላት ይሆን ቢሉ ስታሊን ያዟት አሏቸው። 440 አንቀጽ የፈጀው ሥራ በአንድ ወረቀት! ዕድገት ይሉሃል ይህ ነው።

ከዚያ በ1946 ፓሪስ ለሁለተኛ ጊዜ ተጠራች፤ በዚህ ጊዜ ወንበር ደረሰን። በሉክሰምቡርግ ቤተ መንግሥት ከ21ዱ አገሮች አንዱ ሆነን፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ። ወንበሩ ምቹ ነበር። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው፤ ጉባኤው ምክር ይሰጣል እንጂ አይወስንም። የሚወስኑት የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የሩስያ አራት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ናቸው። የጣሊያን የቀድሞ ቅኝ ግዛቶች ጉዳይ ለአራቱ ተተወ፤ በአንድ ዓመት ካልተስማሙ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ይሂድ ተባለ። አራቱም መርማሪ ቡድን ወደ ኤርትራ ላኩ። መርማሪዎቹ አብረው ዞሩ፣ ያንኑ ሕዝብ ሰሙ፣ ሲመለሱ ግን አንድ መደምደሚያ አልነበራቸውም። ከአንድ ጉዞ ከአንድ በላይ እውነት ማምጣት ማለት ይህ ነው። ዓመቱም አለቀ። በ1949 እንግሊዝና ጣሊያን ሊቢያን፣ ኤርትራንና ሶማሊያን ሸንሽነው ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ቢያቀርቡ፣ ትሪፖሊታንያ ለጣሊያን የሚለው ክፍል በአንድ ድምፅ ጉድለት ወደቀ። እምቢ ካሉት ውስጥ የሄይቲው ልዑክ ኤሚል ሴን ሎ ይገኙበታል። ትንሽ አገር እንዲህ ትልቅ ሰነድ ስታበላሽ ያሳፍራል።

ስለ ጦር ወንጀለኞችም ከጣሊያን ጋር የተፈረመው የሰላም ውል አልዘነጋም፤ ጣሊያን አሳልፋ ትስጥ ይላል። ነገር ግን ባዶሊዮ ማለት፣ በ1935 እና 36 በመርዝ ጋዝ ያስፈጁን ማርሻል፣ ሙሶሎኒ በ1943 ሲወድቁ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ከአሸናፊዎቹ ጋር ተሰልፈዋል። አዲስ ወዳጅን ደግሞ ማን ለፍርድ ያቀርባል? የየካቲት 12ቱ ግራዚያኒ በ1950 በአገራቸው ፍርድ ቤት 19 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ጥፋታቸው ከናዚ ጋር መተባበር ነው፣ አዲስ አበባ አልተነሣችም። ብዙ ወራት ሳይቆጠሩ ተለቀቁ። በ2012 ደግሞ በጣሊያኗ አፊሌ ከተማ መታሰቢያ ቆመላቸው።

ደግነቱ ለእኛም ድርሻችን ተጽፏል። ካሳ 25 ሚሊዮን ዶላር፤ የካሳው ገንዘብ ዞሮ ዞሮ ቆቃ ግድብን ሠራ። ከዚያ አንቀጽ 37፦ ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወዲህ ከኢትዮጵያ የተወሰዱ የጥበብ ሥራዎች፣ ንዋየ ቅድሳት፣ መዛግብትና ቅርሶች ውሉ በጸና በ18 ወር ውስጥ ይመለሱ። ውሉ የጸናው በሴፕቴምበር 1947 ነው፤ ቀጠሮው ማርች 1949 ላይ ይውላል። የአክሱም ሐውልት በ1937 ሲወሰድ በዚያው ዓመት ሮም ላይ ቆሟል። መመለስ ግን ሌላ ነው፦ ከባድ ነው፣ ረጅም ነው፣ መንገዱ አይመችም፣ አውሮፕላኑ አይችለውም፣ ማረፊያው ጠባብ ነው። ሲሄድ እንደ ላባ የቀለለ ድንጋይ ለመመለስ ከብዶ፣ በ2002 መብረቅ እስኪመታው ድረስ ቆየ። በኤፕሪል 2005 ሦስት ተቆርጦ በአንቶኖቭ ገባልን። 18 ወሩ 58 ዓመት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ልጨምርና ላብቃ። ጀርመን ለመጀመሪያው ጦርነት ካሳ መክፈያ ብላ የተበደረችውን ብድር የመጨረሻ ወለድ የከፈለችው ኦክቶበር 3 ቀን 2010 ነው። ዘጠና ዓመት አልፎም አበዳሪ ሳንቲሙን አልረሳም። በሙክዋዋ ራስ ቅልና በእኛ ሐውልት ላይ ግን ወለድ የሚያስብ የሒሳብ ሠራተኛ አልተገኘም። ቢገኝ ኖሮ ሮም ከሐውልታችን ጋር አደባባይዋን ከሞሉት የግብጽ ሐውልቶች አንዱን ምራቂ አድርጋ ትልክልን ነበር። ያኔ ግብጾች የእኛን ደጅ ይጠናሉ። እኛም ወግ የምናውቅ ሰዎች ነንና ሻይ አቅርበን፣ አንቀጽ ጽፈን፣ በ18 ወር ውስጥ እንላቸው ነበር።