ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሪፖርቱ ለማን ይቀርባል?

ወገኖቼ፣ የሰፈሬ ሰዎች፣ በታክሲ ሰልፍ ላይ ከምናወራው ግማሹን እንኳ ስብሰባ ላይ ብንናገረው ኖሮ ይህ ሰፈር ዛሬ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ማለዳ ሰልፉ ላይ ስለ ውሃው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ መብራቱ የማይነሣ ነገር የለም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥም እንዲሁ ነው። ነገሩን ሊሰማ የሚገባው ሰው መጥቶ ፊታችን ሲቀመጥ ግን ወይ እኛ የለንም፣ ወይ አፋችን የለም።

ቀላል ባቡሩ አያት ላይ ይቆማል። እኛ ከዚያ ወዲያ ነን፤ ከተማው አልቆ እርሻው በሚጀምርበት ዳርቻ። ዳር መኖር ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። መሐል ከተማ ላይ ቱቦ ቢፈነዳ ባለሥልጣኑ በዚያው መንገድ ስለሚያልፍ ያየዋል። በእኛ በኩል የሚያልፍ ባለሥልጣን የለም። የእኛ ችግር የሚታወቀው ስንናገረው ብቻ ነው። ከማንም በላይ መናገር የሚያስፈልገን ሰዎች ሆነን ሳለ ከማንም በላይ ከስብሰባ የምንቀረው እኛው ነን።

ሰሞኑን የምክር ቤት ተወካያችን በአካባቢው ስለተሠራውና ስላልተሠራው ሪፖርት ሊያቀርብልን መጥቶ ነበር። ማስታወቂያው በየብሎኩ መግቢያ ተለጥፏል፤ በየእድሩ ተነግሯል፤ መኪና ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ ሳይቀር ተለፍፏል። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለሆንሁ ፊት ለፊት ተቀምጬ የመጣውንም የቀረውንም አያለሁ። ከተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች የተያዙት ከኋላ በኩል ያሉት ጥቂቶቹ ነበሩ። ከአዳራሹ አጥር ማዶ ጀበና ቡና የምትሸጠው ሴት ዘንድ ግን መቀመጫ ጠፍቶ ሰው ቆሞ ይጠጣ ነበር። የሚያወሩትም ስለዚያው ስለ ውሃው ነበር። ይህን ሳይ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አዘንሁ፤ ተናደድሁም።

ተወካያችን የነገረን ሁሉ የሚናቅ አልነበረም። የመንገድ መብራቱ የጠፋው ገመዱ ተቆርጦ በመሰረቁ እንደሆነ፣ ድንጋይ ማንጠፉ የተቋረጠው የጎርፍ መውረጃው ቱቦ ሳይቀበር ሥራው በመጀመሩ እንደሆነ፣ አረጋውያን ለፋይዳ መታወቂያ ለመመዝገብ ሩቅ መሄድ እንደማያስፈልጋቸው ነገረን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባልነት በየዓመቱ መታደስ እንዳለበትም አሳሰበ። ይህ የመጨረሻው ቀላል ወሬ ይመስላችሁ ይሆናል። አምና ይኸው ማሳሰቢያ በተነገረበት ስብሰባ ያልነበረች አንዲት ጎረቤታችን የማደሻው ጊዜ ማለፉን ያወቀችው ትኩሳት የያዘው ልጇን ታቅፋ የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ከደረሰች በኋላ ነው። የልጁን መድኃኒት የገዛችው ከእቁብ ጓደኛዋ ተበድራ ነበር። ስብሰባ መቅረት የሚያስከፍለው እንዲህ ያለውን ዋጋ ነው።

ደግሞ የመጡትስ? የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ መጀመሪያ እጁን ያወጣው ሰው የጠየቀው ስለ ራሱ ቤት ካርታ ነው። ሁለተኛው ተነሥቶ ተወካዩን ሲያመሰግን፣ አስተዳደሩን ሲያመሰግን፣ አዘጋጆቹን ሲያመሰግን ሰዓቱን በላው፤ ጥያቄ ግን አልነበረውም። ሦስተኛው በቁጣ ተናግሮ፣ ጠረጴዛውን መትቶ፣ መልሱን ሳይሰማ ወጣ። እኔ በመዝገቡ ላይ ምን ልጻፍ? ካርታው የግል ጉዳይ ነው፤ ለእርሱ መስኮት አለው። ምስጋና ዕቅድ ውስጥ አይገባም። ቁጣውም ቀን፣ ቦታና ጥያቄ ስለሌለው ለመመዝገብ አይመችም። በዚያ ቀን ገጹ ላይ የሰፈረውን የጋራ ጥያቄ ብታዩት ታፍራላችሁ። ከእኛ ወረዳ ይህን ያህል ብቻ ከመጣ፣ የሚያነበው ሰው «እነዚህስ ደኅና ናቸው» ቢል ምን ይፈረድበታል?

ለስብሰባውም ወቅት አለው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። የከተማው ምክር ቤት በጀቱን ከማጽደቁ በፊት ዕቅዱ ከታች ተነሥቶ በወረዳና በክፍለ ከተማ በኩል ያልፋል። የእኛ መንገድ፣ የእኛ ቱቦ፣ የእኛ ድልድይ እዚያ ወረቀት ላይ ሊገባ የሚችለው በዚያን ጊዜ ነው። እኛ የምንጮኸው መቼ ነው? በሐምሌና በነሐሴ፣ ጎርፉ ምድር ቤት ገብቶ ፍራሹን ሲያነሣው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ያኔ የሚሰጠን መልስ «በሚቀጥለው ዕቅድ ይታያል» የሚል ነው፤ እኛም «ዋሹን» እንላለን። አልዋሹንም፤ ዘግይተናል። በሚያዝያና በግንቦት የሚጠራን ስብሰባ ንቆ በክረምት ማልቀስ ይቅር።

ስለ ውሃው ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ሁላችንንም የሚነካው እርሱ ነውና። የለገዳዲና የድሬ ግድቦች ያሉት ከእኛ በስተምሥራቅ ነው። ለገዳዲ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ይህችን ከተማ ሲያጠጣ ኖሯል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ለግድቡ የቀረብነው እኛ ጀሪካን ይዘን እንዞራለን። ውሃው በፈረቃ ነው፤ በፈረቃው ቀንም ግፊቱ አንሶ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ አይወጣም። ታዲያ የፈረቃው ሰሌዳ በጽሑፍ ይለጠፍልን ብሎ የጠየቀ አለ? በፈረቃችን ቀን መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሳይሠራ ቢያልፍ ማካካሻ ይሰጠን ብሎ የጠየቀስ? የለም። መዝገቡን አገላብጫለሁ፤ «ውሃ የለም» የሚል እንጂ ይህን የመሰለ ጥያቄ አላገኘሁም። «ውሃ የለም» ለሚል አቤቱታ «እናውቃለን» የሚል መልስ ይበቃዋል። ሰሌዳ ለጠየቀ ሰው ግን ወይ ሰሌዳ፣ ወይ የማይቻልበት ምክንያት ሊሰጠው ግድ ነው።

ከመካከላችን አንዳንዱ ደግሞ ሌላ መፍትሔ አግኝቷል። ከዋናው መስመር ላይ በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ ገጥሞ በፈረቃው ሌሊት የብሎኩን ውሃ ብቻውን ወደ ታንከሩ ያስገባል። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው እናት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ ቧንቧውን ስትከፍተው የሚወጣው ፉጨት ብቻ ነው። ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ይህን የምታደርጉ፣ ማን እንደሆናችሁ ጎረቤቶቻችሁ ያውቃሉ፤ ስለ ጉርብትና ብለው ዝም ብለዋችኋል። ፓምፑን ንቀሉት። ነገ ስለ ውሃ እጥረት አብራችሁን ልትፈርሙ ስትመጡ በምን ፊት ልታዩን ነው?

የፍሳሹም ነገር ከዚህ አይለይም። ባለፈው ክረምት መግቢያ የፍሳሽ መስመሩ ሞልቶ በብሎኮቹ መካከል ልጆች የሚጫወቱበትን ሜዳ ሲያጥለቀልቅ ሁላችንም በአንድ ድምፅ መንግሥትን ወቀስን። ሠራተኞቹ መጥተው ክዳኑን ሲከፍቱ ቆሜ አይቻለሁ። በረጅም ብረት እየጎተቱ ያወጡት የሕፃናት ዳይፐር፣ የመጥረጊያ ጨርቅ፣ የሽንኩርት ጆንያና በፌስታል የተቋጠረ ቆሻሻ ነበር። አንዱ ሠራተኛ ብርድ ልብስ ሲስብ ወገቡን ይዞ ተቀመጠ። ያን ብርድ ልብስ ከንቲባው አልጣለውም። የመስመሩ ጥበት እውነት ነው፤ ይጠየቅበት። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 370/1995፣ የጋራውን ነገር የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው ይላል። የእኛ ማኅበራት ግን ስማቸውና ማኅተማቸው ብቻ ቀርቷል። ደረጃ የሚጠርግና የጋራ አምፖል የሚቀይር ኮሚቴ መምረጥ ያቃተን ሰዎች ነን።

እንዲህ ሁሉ ስል የሚያስመሰግን ሰው የለንም ማለቴ አይደለም። ከወንዙ ወዲያ ያሉት አባቶች፣ ቤቶቹ ከመሠራታቸው በፊት ይህንኑ መሬት ሲያርሱ የኖሩት፣ ከማንም ቀድመው ይመጣሉ። ከእነርሱ አንዱ አዛውንት አማርኛው ብዙም አይቀናቸውም፤ የሚናገሩት በኦሮምኛ ሆኖ የልጅ ልጃቸው ነው የሚተረጉምላቸው። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚሻገሩበት ወንዝ ላይ የእግረኛ ድልድይ ይሠራ። በየስብሰባው ይነሣሉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይህንኑ ይናገራሉ፤ ቀጥለውም «ባለፈው ምን ብላችሁኝ ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔም ገጹን ገልጬ አነብላቸዋለሁ። አንዳንዶቻችን «ደግሞ መጡ» ብለን በሆዳችን ስንሰለች እርሳቸው አልሰለቹም። ድልድዩ ተሠርቷል። ብረቱ ገና ቀለም አልተቀባም፤ ልጆቹ ግን እየተሻገሩበት ነው። ሰውዬው ዘመድ የላቸውም፣ ሥልጣን የላቸውም፣ ስልክ የሚደውሉለት የሚያውቁት ሰው የላቸውም። የነበራቸው አንድ ጥያቄና የተጻፈ መልስ ነው።

እኛ ግን የተወካዩን ስልክ ቁጥር ለማግኘት እንሻማለን። ቁጥሩን ያገኘ ሰው የሚደውለው ለሰፈሩ ሳይሆን ለወንድሙ ሥራ፣ ለራሱ ሱቅ ፈቃድ ነው። ተመራጩን እንደ ባለውለታ ዘመድ ካየነው እርሱም እንደ ችሮታ ሰጪ ያየናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ተመራጭም ኃላፊነቱን ቢያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝብ እምነት ሲያጣበትም ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ደንግጓል። መረጃ የማግኘት መብትም በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተጽፏል። ሊያነሣው የሚችል ሕዝብ ፊቱ ያልተቀመጠ ተመራጭ ቀስ በቀስ ሪፖርቱን ለበላይ ብቻ ማቅረብ ይለምዳል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ ያስናቅነው ግን ራሳችን ነን።

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ስብሰባው በሥራ ሰዓት ይጠራል» የሚል አለ። እውነት ነው፤ በሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት የሚጠራ ስብሰባ የሠራተኛ ስብሰባ አይደለም። ግን ቀኑ ይቀየርልን ብሎ ያመለከተ አላየሁም። «ተከራይ ነኝ፣ ነገ እለቃለሁ» የሚልም አለ። ተከራይም ውሃ ይጠጣል፣ ተከራይም ይመርጣል። «ተናግረን ምን ለውጥ መጣ?» የሚለው ነው የሚከብደኝ፤ ብዙ ቃል ተገብቶልን ብዙው እንደቀረ አውቃለሁና። ግን እንጠያየቅ፦ ከቀረው ቃል ውስጥ ተከታትለን ለምን ቀረ ያልነው የትኛው ነው? ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ሰው እስከ ምሽት ተሰልፎ ድምፁን ሰጥቷል። ሲመሽ ብርዱ ሲይዘን ብርድ ልብስ ተከናንበን የቆምን ነበርን። ለዚያ ሁሉ ሰዓት ትዕግሥት የነበረን ሰዎች የመረጥነው ሰው የሠራውን ሊነግረን ሲመጣ ለሁለት ሰዓት መቀመጥ እንዴት አቃተን?

ለተወካያችንም አንድ ነገር እላለሁ፤ ይህን እንደሚያነበው አውቃለሁ። ሪፖርትህ ላይ «በመሠራት ላይ» የሚለው ቃል በዝቷል። ሥራው መቼ እንደሚያልቅና ኃላፊው የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ ጨምረህ ጻፍልን። ሪፖርቱም ከስብሰባው ቀደም ብሎ በየብሎኩ ይለጠፍ፤ ሰው አንብቦ ይምጣ። ሰው ስለቀረ ቶሎ አንብበህ መሄድህ ትክክል አልነበረም፤ ለመጡት እናቶችና አባቶች ክብር ስትል እያንዳንዱን ጥያቄ መመለስ ነበረብህ።

የሚቀጥለው ስብሰባ ሰኔ ከመግባቱ በፊት እንደሚጠራ ቃል ተገብቷል። እስከዚያ እያንዳንዱ ብሎክ ተሰብስቦ አንድ የጋራ ጥያቄ ይምረጥ፤ በወረቀት ይጻፈው፤ ነዋሪዎቹ ይፈርሙበት፤ የሚያቀርበውንም ሰው ይሰይም። ከወንዙ ወዲያ ያሉትን ወገኖች አትርሱ፤ በኦሮምኛ ለሚናገሩም አስተርጓሚ አስቀድመን እናዘጋጅ። ጥያቄውን ለእድሩ ጸሐፊ ወይም ለእኔ አድርሱ፤ በተራ ቁጥር እመዘግበዋለሁ። የቀደሙት ቃለ ጉባኤዎችም እኔ ዘንድ አሉ፤ ለሰፈሩ ምን ቃል እንደተገባ ማየት የሚፈልግ ማንኛውም ሰው እሑድ ከሰዓት በኋላ እድሩ ቤት መጥቶ ያንብብ።