የሀረማያ ውኃ ተመለሰ፤ ጨፌውስ?

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣ ሰው ደንገጎን ጨርሶ ሀረማያ ሲደርስ ወደ መስኮቱ መዞሩ አይቀርም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት የነበረው ሐይቅ ዛሬ ውኃ ይዟል። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሁሉ አልሐምዱሊላህ ይላል፤ እኔም እላለሁ። ቅር የሚለኝ ከውኃው በቀር ሌላውን ልብ የሚል አለመኖሩ ነው።

እስቲ ወርዳችሁ ዳር ዳሩን ሂዱ። በጫት ማሳውና በውኃው መሀል ቄጤማና ርጥብ ሣር ያለበት ጨፌ አለ። አንዳንድ ቦታ ሰፋ ይላል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሁለት እርምጃ አይሞላም። የውኃ መሳቢያው ሞተር እዚያው ጭቃው ላይ ተተክሎ፣ ጎማው ሣሩን አቋርጦ ወደ ጫቱ ይወጣል። ማረሻውም በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ውኃው ይጠጋል።

ሐይቁ የደረቀው በዝናብ እጥረት ብቻ አልነበረም። ለመስኖና ለከተማ መጠጥ ያለ ልክ ተስቧል፤ ከተራቆተው ዳገት የወረደው አፈርም ሆዱን ሞልቶታል። ጥልቀቱን ያጣ ሐይቅ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ ትጨርሰዋለች። ጎርፉን አዘግይቶ ደለሉን የሚያስቀረው፣ ጫት ላይ የሚረጨውም መድኃኒት በቀጥታ ውኃ ውስጥ እንዳይገባ የሚያግዘው ያ የምንንቀው ሣር ነው።

ወፎቹም አሉ። የሀረማያና የአዴሌ ሐይቆች በዓለም አቀፍ ደረጃ ለአእዋፍ ጠቃሚ ተብለው ከተለዩት የአገራችን ስፍራዎች መካከል ናቸው። የአውሮፓንና የእስያን ብርድ የሚሸሹ ዳክዬዎች ከመስከረም ጀምሮ ወደ አገራችን ሐይቆች ይወርዳሉ። መሀል ውኃ ላይ ሲንሳፈፉ ብናያቸውም ብዙዎቹ የሚለቅሙትም የሚደበቁትም ዳር ላይ ነው። ጨፌው ከታረሰ ፎቶ የሚነሳበት ውኃ ይቀር ይሆናል እንጂ ወፍ አይኖርም።

መፍትሔው ግን ገበሬውን ማባረር አይደለም። አወዳይ ገበያ ጫት የሚሸጥ አባወራ ከዚያች ቁራሽ መሬት ልጆቹን ያስተምራል፤ "ለወፍ ብለህ ልቀቅ" ቢሉት ቢስቅ አይፈረድበትም። ከብት ሳይገባበት ሣሩን እያጨደ ይውሰድ፤ ለተወው መሬት ደግሞ ካሳ ይከፈለው። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ሐረር ይህን ሐይቅ ለዓመታት ጠጥታለች፤ ሲደርቅም ውኃ ፍለጋ እስከ ድሬዳዋ ወርዳለች። ከውኃ ቢላችን ላይ ጥቂት ሳንቲም ቢነሳ የሚያኮርፍ ሐረሬ የለም ባልልም፣ ቢጫ ጄሪካን ተሸክሞ ያደረ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሐይቁ ኦሮሚያ፣ ጠጪው ሐረሪ ክልል መሆኑ እንደ ሰበብ ባይነሳ ደስ ይለኛል።

ሕጉም አለ። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የውኃ አካላትን ዳርቻ ከልሎ ዕፅዋት እንዳይመነጠር ለመከልከል ሥልጣን ይሰጣል። የቀረው ወሰኑን ከገበሬዎቹ ጋር ዞሮ ችካል መትከል ነው። ይህም ከበልግ እርሻ በፊት ቢሆን ይሻላል፤ ከተዘራ በኋላ የሚመጣ ችካል ጠብ ነው።