ዓይን የሌለው እንጀራ

«ኮሮና ስንቱን ቤተሰብ አቀራረበ እኮ!» የሚል ወሬ ሰሞኑን በደሴ ካፌዎች እንደ አዲስ ተነስቷል። ይህን የሚሉትን ልብ ብላችሁ እዩልኝ፤ የእንጀራ ልጅም የእንጀራ እናትም የላቸውም።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤት ይዘጋ ተባለ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ፤ ተከትሎም ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የሚስት ሁለት፣ የባል ሁለት፣ የጋራ አንድ ልጅ ያለበት ቤት ግን ማንም ሳይጠራው 7 ነው።

«የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ይላል ያገሬ ሰው። ከተረትና ምሳሌ ሁሉ እንደዚህ የምወደው የለም። ውጭው ሲዘጋ አልጋው እዚያው በር ላይ ይቀርና ቤት የሚገባው ቀጋው ብቻ ነው። ቀጋን ግን አትስደቡብኝ። እሾሁ ቢዋጋም ፍሬው ሲቀላ ይበላል፤ ደጋ ላይ ከብት የጠበቀ ያውቀዋል። ውስጡ ያለውን ጸጉራም ዘር መትፋት ነው እንጂ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ሰው ቀጋ ሲሆን የሚተፋው ዘር የቱ እንደሆነ ነው የሚቸግረው።

ሕጉ የእንጀራ እናትንና የእንጀራ ልጅን ዝምድና «የጋብቻ ዝምድና» ብሎ በጨዋ ደንብ ያልፈዋል። አማርኛ ግን እናትነቱን ከምጣድ ጋር ነው ያሰረው፤ እንግዲህ የምጣዱን ሒሳብ እንያዝ። 5 ኪሎ የጤፍ ዱቄት 25 ያህል እንጀራ ይወጣዋል። ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ አባወራው ሥራ ሲውሉ በቀን 8 ይበቃል፤ ሦስት ቀን ያስኬዳል። ሰባቱም ቤት ሲውሉ በቀን 12 እና 13 ይነሳል፤ መሶቡ በሁለት ቀን ባዶ። በዚያ ላይ ወሎ ነውና አንዱ ወገን ክርስቲያን ሌላው ሙስሊም ሊሆን ይችላል። ሚያዝያ 11 የተፈሰከው ሳያልቅ በ16 ረመዳን ሲገባ መሶቡ ቀንም ሌሊትም ይከፈታል። ሊጡ ግን አዋጅ አያውቅም፤ በደሴ ብርድ ሦስት ቀን ካልተኛ አይቦካም።

ጠቡን የምትወልደው ያቺ የጎደለችው አንዲት ቀን ናት። ሴትዮዋ በሁለተኛው ቀን ከላይ የቀረረውን ውሃ ትደፋና አብሲት ትጥላለች። ከሊጡ ጥቂት ጭልፋ ቀንሳ፣ በውሃ እያማሰለች ታበስላለች፤ ለብ እስኪል መጠበቅ ሲገባት ልጆቹ «ራበን» ሲሉ እንደፈላ ትመልሰዋለች። ትኩሱ እርሾውን ይገድለዋል። ሊጡ ኩፍ አይልም፤ ምጣዱ ላይ ሲፈስም ዓይን አያወጣም። ከአክንባሎው ሥር እንደ ቁርበት ያለ ድፍን ነገር ይወጣል።

ከባልየው ልጆች አንዱ እንጀራውን ብድግ አድርጎ ወደ መስኮቱ ይዞ ያየዋል። «እናቴ ብትጋግረው…» ይላል፤ አይጨርሰውም። መጨረስም አያስፈልገው፤ የአብሲት ሙቀት የነበረው ነገር የዘር ጉዳይ ሆኗል። የራሷ ልጆችም ያንኑ ድፍን እያኘኩ እንደሆነ ልብ የሚል የለም።

እንዲህ ባለ ቤት ሰዋስውም ይለወጣል። «እማዬ» እንዳይላት አንደበቱ እምቢ ይላል፣ በስሟ እንዳይጠራት ነውር ነው፣ «እትዬ» ካላት ጎረቤት ልትመስል ነው። ስለዚህ ልጁ ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ይለምዳል፦ «እንጀራ አልቋል»፣ «በሩ ይዘጋ»፣ «ቻርጀር ተነቅሏል»። ማን ነቀለው? ተነቅሏል። እሷም በተራዋ «አባትህን ጠይቅ» ትላለች።

አባትየውስ? እኔን የሚያበግነኝ እዚህ ላይ ነው። ተረቶቻችን የእንጀራ እናትን ከጅብ አብልጠው ክፉ ሲያደርጉ ባልየው የት እንደነበረ ትንፍሽ አይሉም። ሶፋ ላይ ነበራ! ስልክ ይዞ። ጥበቡ ሁሉ «እናንተው ተስማሙ» የምትል አንዲት ቃል ናት። ሁለቱን ወገን አምጥቶ አንድ ጣሪያ ሥር ያስገባው እሱ፣ የሁለቱንም አመል የሚያውቀው እሱ፤ ሲጣሉ ግን ታዛቢ ነው። «ቻርጀሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ» ቢል እንኳ የዕለቱ ጠብ በግማሽ በቀለለ ነበር። ራሱ ነው እኮ የነቀለው!

ድሮ ይህን ሁሉ የሚያበርደው ቡናው ነበር። ከአቦል እስከ በረካ ጎረቤቱ ይሰበሰባል፣ ዱዓው ይደረጋል። አንዲት ባልቴት እንጀራውን ገለጥ አድርገው ያዩና «ዓይኑስ ይቅር፣ ሆዳችሁ ጠገበ ወይ ልጆቼ?» ሲሉ ነገሩ በሳቅ ያልቃል። ከበድ ካለም አበጋር፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ፣ አለ። አዋጁ ሲመጣ ግን ከ4 በላይ በማይሰበሰቡበት ዘመን ባልቴቷ ስምንተኛ ሰው ሆኑና ቀሩ።

ለካ የጀመርነው ስለ መቀራረብ ነበር። አዎ፣ ተቀራርበዋል። ሳሎኑ 4 በ4 ነው፤ ወዴት ይራቁ?